የአባት ግንድ፣ የልጅ ድርሻ፦ ርስት በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ

ከ1967 ዓ.ም. በፊት በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ መሬት ይገባኛል የሚል ሰው ወረቀት ይዞ አይመጣም ነበር። የሚይዘው የአባቶቹንና የእናቶቹን ስም ነው። ሽማግሌዎች በተቀመጡበት ቆሞ ከራሱ ይነሣና ወደ ላይ ይቆጥራል፤ ከወላጁ ወደ አያቱ፣ ከአያቱ ወደ ቅድመ አያቱ፣ ከዚያም ወደ ምንጅላትና እንጅላት እያለ፣ መሬቱን መጀመሪያ አቅንቶ ያዘ ከሚባለው ሰው ዘንድ ይደርሳል። ቆጠራው ሳይሰበር ከደረሰ መብት አለው። በመካከል አንድ ስም ከጎደለበት፣ ወይም ተሟጋቹ «ያቺ ሴት የዚያ ሰው ልጅ አይደለችም» ብሎ በምስክር ካስረዳበት፣ ክርክሩ እዚያው ያበቃል።

የመሬቱ ጠባይ ለዚህ ዓይነቱ ሙግት ቦታ ይሰጥ ነበር። አርብ ገበያ የታች ጋይንት ዋና ከተማ ናት፤ የላይ ጋይንት ነፋስ መውጫ፣ የስማዳ ወገዳ፣ የእስቴ ደግሞ መካነ ኢየሱስ ነው። ከምዕራብ በኩል የጉና ተራራ ይታያል፤ በደቡብ የበሽሎ ሸለቆ አገሩን ከወሎ ይለየዋል። ደጋው፣ ወይና ደጋውና ቆላው በጥቂት ሰዓት የእግር መንገድ ውስጥ ይገናኛሉ። ገበሬው ገብሱን ከላይ፣ ጤፉን ከመካከል፣ ማሽላውን ከታች ሊዘራ ይፈልጋል። በየአጥቢያው ዘመድ ካለውና ዘሩን መቁጠር ከቻለ፣ ርስት ይህን ፍላጎቱን ያሟላለት ነበር።

ርስት የሚባለው መብት ከመሬት ሽያጭም ከንጉሥ ስጦታም የተለየ መነሻ ነበረው። መነሻው ትውልድ ነው። በአንድ አጥቢያ ያለ መሬት ከብዙ ትውልድ በፊት የአንድ ሰው እንደነበረ ይታመናል፤ ይህ ሰው ዋና አባት ይባላል። ከእሱ የተወለዱ ሁሉ፣ በወንድም በሴትም መስመር ቢሆን፣ ከመሬቱ ድርሻ አላቸው። የዋና አባት ልጆች ቁጥር መሬቱ በስንት ትልልቅ ክፍሎች እንደሚከፈል ይወስናል፤ እያንዳንዱ ክፍል የዚያ ልጅ ፋንታ ሆኖ በስሙ ይጠራል። ከዚያ በታች የተነሡት ምንዝር አባቶች ደግሞ ፋንታውን መልሰው ይከፋፍሉታል።

አከፋፈሉን በአንድ ምሳሌ ማየት ይበጃል። ዋና አባት ሦስት ልጆች ነበሩት እንበል፦ ታላቅ ወንድ፣ መካከለኛ ሴት፣ ታናሽ ወንድ። መሬቱ ለሦስት እኩል ይከፈላል። ታላቁ አራት ልጆች ከወለደ እያንዳንዳቸው የጠቅላላውን አንድ አሥራ ሁለተኛ ያገኛሉ። መካከለኛዋ አንድ ልጅ ብቻ ካላት ያ ልጅ ሲሶውን ሙሉ ይይዛል። ታናሹ ሁለት ልጆች ቢኖሩት ለእያንዳንዳቸው አንድ ስድስተኛ ይደርሳቸዋል። አራቱ ወንድማማቾች «እኛ ብዙ ነን» ቢሉ አይሰሙም፤ ድርሻ የሚለካው በቅርንጫፉ ቦታ ነው፣ በሰው ብዛት አይደለም። መሬቱ በሚከፈልበት ጊዜ ለሙም ጭንጫውም ለሁሉም እንዲዳረስ ይሞከራል፤ ማን የትኛውን እንደሚወስድ በዕጣ ይለያል።

ይህን አሠራር በጥልቀት ካጠኑት አንዱ አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ አለን ሆበን ነው። ጥናቱን ያካሄደው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በጎጃም ደጋ ዳሞት ሲሆን፣ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1973 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሟል። ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ያሉበትን ከዓባይ ወዲህ ያለውን አገር በሚመለከት ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴር የቤጌምድርንና የስሜንን ጠቅላይ ግዛት ይዞታ አስጠንቶ እ.ኤ.አ. በ1970 ሪፖርት አውጥቷል። ጎጃምና ቤጌምድር በዝርዝር ነገር ይለያዩ እንጂ የርስቱ መሠረት አንድ ነበር፦ መብት ከግንዱ ይነሣል፣ በቅርንጫፉ ይወርዳል፣ ከታች ያለው የላይኛውን በመቁጠር መብቱን ያረጋግጣል።

ይህ አሠራር በሌላ ዘመንና በሌላ አገር፣ በኮምፒውተር ሥራ ውስጥ፣ እንደገና ተፈጥሯል። እ.ኤ.አ. በ1965 ማልቲክስ የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት የነደፉት የኤምአይቲ፣ የቤል ላብስና የጄኔራል ኤሌክትሪክ ባለሙያዎች ፋይሎችን ሁሉ ከአንድ ሥር በሚነሣ የዛፍ ቅርጽ ለማደራጀት ዕቅድ አቀረቡ፤ በየፋይሉና በየማውጫው ላይም ማን ማንበብ፣ ማን መጻፍ እንደሚችል የሚዘረዝር የፈቃድ መዝገብ አስቀመጡ። አንድ ማሽን ለብዙ ሰው ሲያገለግል የአንዱ ሥራ በሌላው እጅ እንዳይበላሽ መከላከል የግድ ሆኖባቸው ነበር። ከአርባ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረው ኬክፒኤችፒ የተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ፍሬምወርክ ሐሳቡን አስፍቶ ሁለት ዛፍ አቆመ። በአንደኛው ዛፍ ፈቃድ የሚጠይቁት ይደረደራሉ፤ ተጠቃሚው በቡድኑ ሥር፣ ቡድኑ በትልቁ ቡድን ሥር። በሁለተኛው የሚጠየቁት ነገሮች ይደረደራሉ፤ ገጹ በክፍሉ ሥር፣ ክፍሉ በጠቅላላው ሥር። ፈቃዱ የሚጻፈው ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ ነው። 1 ይፈቀዳል፣ -1 ይከለከላል፣ 0 ደግሞ «ከወላጁ ይውረስ» ማለት ነው። ጠያቂ ሲመጣ ሥርዓቱ ከእሱ ጀምሮ ወደ ላይ ይፈልጋል፤ መጀመሪያ ያገኘውን ግልጽ ውሳኔ ይቀበላል፤ እስከ ግንዱ ወጥቶ ምንም ካላገኘ ይከለክላል።

በጋይንትም ዛፉ ሁለት ነበር፤ አንዱ የሰው፣ አንዱ የመሬት። ልዩነቱ ሁለቱ ዛፎች በአንድ ስም መጠራታቸው ነው። የመሬቱ ፋንታ የሚጠራው ባወረደው ልጅ ስም ስለሆነ፣ የትውልድ ሐረጉን የሚያውቅ ሰው የመሬቱን ካርታም ያውቅ ነበር። ስም ለመቁጠር የሰለጠነ ሽማግሌ መዝገብ ቤትም ቀያሽም ሆኖ ያገለግል ነበር። በአካባቢው ስም የማስታወስ ችሎታ ይህን ያህል የተከበረውም የብዙ ቤት እንጀራ በእሱ ላይ ስለተንጠለጠለ ነው።

አንድ ነገር ግን ርስትን ከኬክፒኤችፒ ዛፍ የበለጠ ያወሳስበዋል። በዚያ ፍሬምወርክ እያንዳንዱ ጠያቂ አንድ ወላጅ ብቻ ነው ያለው። ሰው ግን እናትም አባትም አለው። ጋይንቴው አራት አያቶች፣ ስምንት ቅድመ አያቶች አሉት፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ዋና አባት አላቸው። ስለዚህ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ የብዙ ግንዶች ቅርንጫፍ ነው። ከፕሮግራም ሰሪዎች ወገን ይህን ጉዳይ የተጋፈጠው ዜንድ ፍሬምወርክ ነበር፤ አንድ ተጠቃሚ ከብዙ ወላጆች እንዲወርስ ፈቅዶ፣ ሁለት ወላጆች የሚቃረን ፈቃድ ሲሰጡ በመጨረሻ የተመዘገበው ወላጅ እንዲያሸንፍ ደነገገ። ርስት እንዲህ ያለ አቋራጭ አልነበረውም። በእናቱም በአባቱም የሚገባው ሰው በሁለቱም ይገባዋል፤ የትኛውን እንደሚከተል የሚመርጠው እሱ ራሱ ነው።

ምርጫው ቀላል አልነበረም። ሆበን እንዳሳየው አንድ ገበሬ በቆጠራ ይገባኛል ሊል የሚችልበት መሬት በእጁ ይዞ ከሚያርሰው እጅግ ይበልጣል። ሁሉንም ቢጠይቅ ዕድሜው በሙግት ያልቃል። ስለዚህ ወደሚኖርበት የቀረበውን፣ ጠንካራ ወገን ያለበትን፣ ቆጠራው በደንብ የሚታወቅለትን መርጦ ይከታተላል። ሌላው መብት ግን አይጠፋም፤ ያንቀላፋል። ባሏ ዘንድ ሄዳ የኖረች ሴት በአባቷ አጥቢያ ያላት ድርሻ ሳይታረስ ሊቆይ ይችላል፤ ልጇ ወይም የልጅ ልጇ ግን ተመልሶ «የእናቴን ስጡኝ» ማለት ይችላል። የጊዜ ገደብ የለም። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለው አባባል በዚያ አገር ለክርክር የሚቀርብ ሕግ ነበር።

ይህ ለድሃው ትልቅ ዋስትና ሆኖ ኖሯል። በድርቅ ወይም በጦርነት የተሰደደ ሰው ሲመለስ ዘሩን ቆጥሮ መሬት መጠየቅ ይችል ነበር። ወላጅ የሞተበት ልጅ አጎቱ ቢበላበትም ሲያድግ ይሟገታል። ሴት ልጅ ከወንድሞቿ እኩል መብት ነበራት፤ በዚያ ዘመን በብዙ የዓለም ክፍል ሴት መሬት እንደማትወርስ ሲታሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በተግባር ግን መሬቱን የሚያርሰው ባሏ ወይም ልጇ ስለሆነ መብቷን ብቻዋን ማስከበር ይከብዳት ነበር።

ከርስቱ በላይ ደግሞ ሌላ የሥልጣን መዋቅር ነበር፤ ጉልት። ርስት የማረስና የማውረስ መብት ሲሆን፣ ጉልት ግብር የመሰብሰብና የመዳኘት መብት ነው። ጉልትን የሚሰጠው ንጉሡ ነው፤ ተቀባዮቹ መኳንንት፣ ወይዛዝርትና አድባራት ነበሩ። በ18ኛው መቶ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ጎንደር ላይ ቁስቋምን ሲያሠሩ ለደብሩ ሰፊ ጉልት ሰጥተዋል። እንዲህ ያለ ስጦታ በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት፣ በተለይም በወንጌለ ወርቅ ባዶ ገጾች ላይ ይጻፋል፤ የሚያፈርሰው እንዲወገዝም ግዝት ይታሰርበታል። በአንድ ማሳ ላይ እንግዲህ ሁለት መብት ይገናኛል፦ ገበሬው በትውልዱ ባለርስት ነው፣ ደብሩ ወይም መኳንንቱ በንጉሥ ቃል ባለጉልት ነው። ባለጉልቱ ግብሩን ይቀበላል እንጂ ባለርስቱን ከመሬቱ የማንሣት መብት አልነበረውም።

ቤተ ክርስቲያን በጋይንት ያላት ድርሻም ከዚህ ጋር ይያያዛል። በድጓ ትምህርት በመላ አገሪቱ ስሟ የገነነው የጋይንቷ ቤተልሔም የዜማ ሊቃውንት ለማስመስከር የሚሄዱባት ናት። እንዲህ ያለ ደብር ካህናትና ደብተራዎች ይፈልጋል፤ አገልጋዮቹ የሚኖሩት ከመሬት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1848 ዓ.ም. የካህናቱን ቁጥር ለእያንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን በጥቂት ሰዎች ወስነው የተረፈውን መሬት ለመውሰድ በተነሡ ጊዜ ከቀሳውስቱ ጋር መጋጨታቸው፣ ኋላም መሬቱን መውረሳቸው፣ ይህን ሥር የሰደደ መብት መንካታቸው ስለሆነ ነው። ከገጠማቸው ጥል ሁሉ ይህኛው እስከ መቅደላ ተከትሏቸዋል።

የዛፉ ጥላ ግን ሁሉንም አላስጠለለም።

በንጉሥ ይስሐቅ ዘመን፣ በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፣ የተጠመቀ የአባቱን ርስት እንዲወርስ፣ ያልተጠመቀ ግን እንዳይወርስ እንደታወጀ በታሪክ ይነገራል። ያልተጠመቁት ቤተ እስራኤሎች ከዚያ ወዲህ አብዛኞቹ የሰው መሬት በእርቦ ወይም በእኩል አራሽ ሆነው፣ በአንጥረኝነት፣ በሸክላ ሥራና በሽመና ኖረዋል። በቤጌምድር ሙስሊሞችም በአብዛኛው ከርስት ውጭ ነበሩ፤ መተዳደሪያቸው ንግድና ሽመና ነበር። ብረት የሚቀጠቅጠውና ቆዳ የሚፍቀው ሰው ማረሻውንና ጠፍሩን ለባለርስቱ እያቀረበ፣ እሱ ራሱ የሚቆጥርበት ግንድ አልነበረውም። በፕሮግራም ቋንቋ እነዚህ ሰዎች ከቅርንጫፋቸው በላይ -1 ተጽፎባቸዋል፤ ከታች የተወለደ ልጅ ሁሉ ያንን ክልከላ ወርሶ ይወለድ ነበር። መብት በትውልድ ሲወርድ ክልከላም በትውልድ እንደሚወርድ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። የርስትን ደግነት የሚያነሣ ሰው ይህንን ጎን አብሮ ማንሣት ግዴታው ነው።

ባለርስት ለሆነውም ቢሆን ከባዱ ነገር ማጣራቱ ነበር። ኬክፒኤችፒ ቆጠራውን ለማፍጠን አንድ ዘዴ ይጠቀማል፦ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ የግራና የቀኝ ሁለት ቁጥር ይሰጠዋል፤ የልጆቹ ቁጥሮች ሁሉ በወላጁ ሁለት ቁጥሮች መካከል ይገባሉ። ስለዚህ የአንድ ሰው አባቶች እነማን እንደሆኑ በአንድ ጥያቄ ይታወቃል። ዋጋው የሚከፈለው አዲስ ቅርንጫፍ ሲጨመር ነው፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ቁጥሮች በሙሉ መሸጋሸግ አለባቸው። በጋይንትም አዲስ ተወላጅ ሲቀበሉ ሌሎቹ መሸጋሸግ ነበረባቸው፤ ልዩነቱ እዚህ የሚሸጋሸገው ማሳ መሆኑ ነው።

ለዚህም ነው ሙግቱ የሚጠነክረው። አዲስ መጪው የሚጠይቀው ድርሻ የሚወጣለት ከቅርብ ዘመዶቹ እጅ ነው። ከሌላ ቅርንጫፍ የሆኑት ጉዳያቸው ስላልሆነ ዝም ሊሉ፣ አልፎም ሊመሰክሩለት ይችላሉ፤ የገዛ አጎቱ ልጆች ግን «አናውቅህም» ይሉታል። አንዳንዴ ደግሞ አንድ ፋንታ በሙሉ «ድርሻችን ተበልቷል፣ መሬቱ ከዋና አባት ጀምሮ እንደገና ይከፈል» ብሎ ይነሣል። ያኔ ሁሉም ቅርንጫፍ ፈጅ ይሾማል፤ ፈጁ ወገኑን ወክሎ ይሟገታል፣ የሙግቱን ወጪ ከዘመዶቹ ይሰበስባል። ጉዳዩ ከሽማግሌ ወደ ጭቃ ሹም፣ ከጭቃ ሹም ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ አውራጃ እየተባለ ዓመታት ይፈጃል። ተሟጋቹ ስንቁን ይዞ ቁልቁለቱን ወርዶ ዳገቱን ይወጣል፤ ቀጠሮ ይሰጠዋል፤ ይመለሳል፤ እንደገና ይሄዳል።

በዚህ መንገድ ላይ ሁሉም እኩል አልነበረም። ስንቅ ያለው፣ አንደበቱ የሰላ፣ ዳኛ የሚያውቅ፣ ሹመት የያዘ ሰው ያንቀላፉ መብቶቹን አንድ በአንድ ይቀሰቅሳል። ሆበን በደጋ ዳሞት ያገኘው ዋና ነገር ይኸው ነበር፤ በሐረግ ቆጠራ እኩል የሆኑ ሰዎች በእጃቸው ባለው መሬት እጅግ ይለያዩ ነበር፤ ልዩነቱን የሚፈጥረው መብቱን የማስከበር አቅም ነው። ዛፉ ለሁሉም ተመሳሳይ ቢሆንም ወደ ላይ የሚወጣው ሰው ጉልበት ይለያያል። ስለ ርስት ሲጻፍ በጣም ሊሰመርበት የሚገባው ይህ ነው ብሎ መናገር ይቻላል፤ የመብቱ ሕግ ምንም ያህል ትክክል ቢሆን የማጣራቱ ዋጋ ከፍ ካለ ትርፉ የጉልበተኛው ነው።

ማዕከላዊው መንግሥት ይህን ዛፍ በግል ይዞታ መዝገብ ለመተካት ብዙ ጊዜ ሞክሯል። በደቡቡ ክፍል መሬት በጋሻ ተለክቶ ለግለሰብ ሲመዘገብ፣ ቤጌምድር፣ ጎጃምና ትግራይ ሳይለኩ ቀሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1944 የወጣው የመሬት ግብር ሕግም ለእነዚህ ጠቅላይ ግዛቶች ለየት ያለ አከፋፈል ነበረው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1489 ጀምሮ በጋራ ስለተያዘ የገበሬ መሬት ጥቂት አንቀጾች አስቀመጠና ዝርዝሩን ለልማድ ተወ። በ1958 ዓ.ም. ርስተ ጉልት፣ ማለትም በዘር የሚወረስ ጉልት፣ በአዋጅ ተሻረ። እ.ኤ.አ. በ1967 የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅና ገማቾች ወደ ገጠር ሲወጡ ግን የጎጃም ገበሬ «መሬታችን ሊለካ፣ ርስታችን ሊጠፋ ነው» ብሎ ተነሣ። በ1960 ዓ.ም. አመፁ ተስፋፋ፤ ጦር ተላከ፤ በመጨረሻ መንግሥት ወደኋላ ብሎ ውዝፍ ግብሩን ማረ። ከዓባይ ማዶ የሆነው ከዓባይ ወዲህም ተሰምቷል። ገበሬው የፈራው የግብሩን ብር ብቻ አልነበረም፤ አንድ ጊዜ በአንድ ሰው ስም የተጻፈ መሬት ለሌላው ተወላጅ ለዘለዓለም እንደሚዘጋበት ገብቶት ነበር።

ዘውዱ ያልደፈረውን ደርግ በአንድ ቀን አዋጅ አደረገው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ። ሽያጭ፣ ኪራይና መያዣ ተከለከሉ፤ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሔክታር በላይ እንዳይያዝ ተወሰነ። በርስት አገር ያለ ገበሬ በዚያን ጊዜ የሚያርሰውን መሬት እንዲይዝ ተፈቀደለት። ይህች አጭር ድንጋጌ በጋይንት ትርጉሟ ከባድ ነበር፦ ያንቀላፉ መብቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ ሞቱ። ከእንግዲህ ሰባት ትውልድ ቢቆጥሩ የማያርሱትን መሬት ማግኘት አይቻልም። ሙግቱም ከመደበኛ ፍርድ ቤት ወጥቶ ወደ ገበሬ ማኅበር ፍርድ ሸንጎ ሄደ። ማኅበሩ የሚደራጀው ቢያንስ በ800 ሔክታር ክልል ሲሆን፣ አባልነቱ በነዋሪነት እንጂ በዘር አልነበረም። ማረስ ለሚፈልግ ሁሉ ያለ ፆታ ልዩነት መሬት እንደሚሰጥ አዋጁ ስለደነገገ፣ ለሸማኔውና ለአንጥረኛውም ለመጀመሪያ ጊዜ በሩ ተከፈተ። ለዘመናት በላያቸው የነበረው ክልከላ የተነሣው በዚህ ቀን ነው፤ ለዚህም አዋጁ ክብር ይገባዋል።

የዛፉ ቦታ ግን ባዶ አልቀረም። መብት በትውልድ መቆጠሩ ቀርቶ በቀበሌው አመራር እጅ ገባ። በኋላም በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል ብዙ ቦታዎች መሬት እንደገና ሲከፋፈል፣ በደርግና በንጉሡ ዘመን በአካባቢ ሹመት የሠሩት «ቢሮክራት» ተብለው ተለይተው ይዞታቸው በአንድ ሔክታር ተገደበ። የሰውን ድርሻ የወሰነው ቀድሞ የሠራው ሥራ ሆነ። ቅሬታው እስከ ዛሬ በገበሬው ዘንድ ይነሣል።

ከዚያ በኋላ ነው ወረቀቱ የመጣው። በምሥራቅ ጎጃም በጎዛምን፣ በደቡብ ወሎ በደሴ ዙሪያ በስዊድን መንግሥት ድጋፍ ሙከራ ከተደረገ በኋላ፣ ክልሉ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የገበሬውን ይዞታ እየመዘገበ አረንጓዴውን ደብተር ማደል ጀመረ። በደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስም አብሮ ይሰፍራል፤ ባሏ ሲሞትባት ወይም ስትፋታ ከመሬቱ ባዶ እጇን ትወጣ የነበረች ሴት አሁን የምታሳየው ወረቀት አላት። አዋጅ ቁጥር 133/1998 እና እሱን የተካው 252/2009 ይዞታን በውርስ ማስተላለፍ እንደሚቻል ስለደነገጉ፣ የትውልድ ሐረግ በአነስተኛ መጠን ወደ መሬት ሕግ ተመልሷል። ግንዱ አሁን ከብዙ ትውልድ በፊት የነበረው አቅኚ አይደለም፤ ደብተሩ ላይ የተመዘገቡት ባልና ሚስት ናቸው። ቅርንጫፎቹ ልጆቻቸው ናቸው።

ይህ አዲስ ዛፍ በጋይንትና በስማዳ የበቀለው በጠበበ መሬት ላይ ነው። አካባቢው በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር ከታቀፉት የምግብ እጥረት ካለባቸው ወረዳዎች ይቆጠራል። የተሸረሸረ ዳገት ለአራትና ለአምስት ልጅ ሲከፋፈል ለማንም አይበቃም። የድሮው ርስት ለዚህ አንድ መልስ ነበረው፤ ልጁ በእናቱ በኩል፣ በአያቱ በኩል ወደ ሌላ አጥቢያ ሄዶ ይጠይቃል። የዛሬው ወጣት ያ መንገድ ተዘግቶበታል፤ ከወላጆቹ ደብተር ውጭ የሚቆጥርበት ግንድ የለውም። ያ ካልበቃው ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ አዲስ አበባ ወይም ከአገር ውጭ መውጣት ነው ምርጫው።

መዝገቡ ራሱ ደግሞ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር እየገባ ነው። በፊንላንድ ድጋፍ የተሠራው ብሔራዊ የገጠር መሬት አስተዳደር መረጃ ሥርዓት በየክልሉ ወረዳዎች እየተተከለ ይገኛል። እንዲህ ያለ ሥርዓት በሚሠራበት ሁሉ ማን መዝገቡን ያያል፣ ማን ይጽፋል፣ ማን ያጸድቃል የሚለው የግድ ይወሰናል። ማልቲክስ እ.ኤ.አ. በ1965 ያነሣው ጥያቄና የጋይንት ሽማግሌ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ያነሣው ጥያቄ በአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ተገናኙ ማለት ነው።

ከርስት ለዚህ ሥራ የሚተርፍ ትምህርት አለ፤ የሚመለከተውም ፈቃዱ በምን ሐረግ እንደሚወርድ ሳይሆን ማጣራቱ በማን ፊት እንደሚደረግ ነው። ርስት ድሃውን በሙግት ወጪ ያደከመ ቢሆንም በአንድ ነገር ጠንካራ ነበር፤ ቆጠራው በአደባባይ ይደረግ ስለነበር ሐሰተኛ ስም በቀላሉ አያልፍም። የሚያውቅ ሁሉ ይሰማል፣ የሚቃወም ሁሉ ይናገራል። በአማራ ክልል ምዝገባ ሲካሄድም የቀበሌ መሬት አስተዳደር ኮሚቴ ከነዋሪው መካከል ተመርጦ፣ የልኬቱ ውጤት ደብተሩ ከመጻፉ በፊት ለሕዝብ እንዲገለጥ መደረጉ ከዚህ ልማድ ጋር የሚስማማ ነው። ምዝገባው ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ ይህ እርምጃ እንደ ትርፍ ሥራ ተቆጥሮ መዘለል የለበትም። በአርብ ገበያ ዙሪያ ያለች መበለት በስሟ የተጻፈውን የማሳዋን ልክ ሰው አንብቦላት የመስማት፣ በማን እጅና በምን ምክንያት እንደተለወጠ የመጠየቅ፣ ቅሬታዋንም በእግሯ ሄዳ በምትመለስበት ርቀት የማቅረብ መብቷ በአሠራሩ ውስጥ በግልጽ መጻፍ ይኖርበታል።